በደም ሥሬ የበላሁባቸው ወራት

አንጀቴ የተጠማዘዘው ለጥምቀት ወላጆቼ ዘንድ በወረድኩበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር፣ ከአንዲት ደብር አጥር ሥር ነው። አባቴ ቄስና የዜማ መምህር ናቸው፤ አገሬው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ እርሻውንም ቤቱንም፣ ከሩቅ ለትምህርት የሚመጡትን የአባቴን ተማሪዎችም ይዛ የምታስተዳድር ሴት ነበረች። እኔ የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በሠፈራችን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ከተማ ቤት ተከራዩልኝና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በበዓል በበዓል ነው።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ በተበተነ ማግስት፣ ከእናቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ባቄላ ስንለቅም ሆዴን አንዳች ነገር ጨመደደኝ። የበዓሉ ጠላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ጎረቤቶች ተጠራርተው በቃሬዛ ዳገቱን አወጡኝ። መኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከሾፌሩ ጎን፣ እናቴ ጭን ላይ አጋደሙኝ። መካነ ሰላም ያየኝ ሐኪም ሆዴን ነካ ነካ አድርጎ ብዙም ሳይቆይ አምቡላንስ አስጠራ። የመንገዱ ነገር በዚያ ሰሞን የታወቀ ነው፤ በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የእኛ ቀን ክፍት ነበር። ደሴ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡኝ።

ስነቃ እናቴ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። የቀዶ ጥገናው ሐኪም ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረን። ትንሹ አንጀቴ በራሱ ላይ ዞሮ ደም አጥቶ ሞቷል። ብዙውን ቆርጠው አውጥተውታል፤ የቀረውን ጫፍ ደግሞ ሆዴ ላይ አውጥተው በላስቲክ ከረጢት ሸፍነውታል።

“የተረፈው አጭር ነው” አለ። “እስኪለምድ ድረስ የምትበላው ሁሉ ሳይዋሃዳት ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል። እስከዚያ በደም ሥሯ መመገብ አለባት።”

“በደም ሥር ምግብ ይበላል?” አለች እናቴ።

“ይበላል። ለሱ ግን አዲስ አበባ መሄድ አለባችሁ።”

እናቴ ከዚያ በፊት ደሴን እንኳ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና “እንሂዳ” አለች።

አዲስ አበባ የተኛሁበት የሴቶች ክፍል መስኮቱ ባሕር ዛፍ ያሳያል። አንገቴ ሥር ባለው ትልቅ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝና ምግቤ በዚያ መውረድ ጀመረ። በየቀኑ ሁለት ከረጢት ይሰቀልልኛል። አንደኛው ጥርት ያለ ነው፤ ስኳሩና ፕሮቲኑ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ነጭ ነው፤ አሁን የታለበ ወተት ይመስላል። በአፌ የሚፈቀድልኝ ከንፈሬን የማርስበት ውኃ ብቻ ነበር።

እናቴ ነጩን ከረጢት ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ መታገሥ አቃታትና ነርሷን ያዘቻት።

“አንቺ ልጄ፣ ጾም ገብቷል እኮ። ወተቱን ብትተዉላት ምናለ?”

“ወተት አይደለም እማማ” አለች ነርሷ። “ዘይት ነው። ከአኩሪ አተር የሚወጣ ዘይት ነው፤ ነጭ የሆነው ከውኃ ጋር ስለተዋሃደ ነው።”

እናቴ ፊቷ በራ። ነርሷ ግን እውነት መደበቅ አልሆነላትም መሰለኝ፣ ዘይቱንና ውኃውን አንድ የሚያደርገው ከእንቁላል አስኳል የሚወጣ ነገር መሆኑንም ጨመረችላት። የእናቴ ፊት ተመልሶ ጠቆረ። በዚያው ስልኳን አወጣችና ለአባቴ ደወለችላቸው። አባቴ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ከደብሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ተማሪዎቻቸውን አስተምረው ሲጨርሱ እዚያ ወጥተው ስልካችንን ይጠብቃሉ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

“በአፏ የገባ ነገር አለ?” ብለው ጠየቁ፣ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ።

“ኧረ የለም። ውኃውንም በጥጥ ነው።”

“እንግዲያስ ካንቺም ከኔም በላይ ጾማለች። ተያት።”

እናቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ነጩ ከረጢት አላነሳችም።

ረሃብ አልነበረብኝም። ይኼን ለሰው ስናገር አያምነኝም። ሰውነቴ ጠግቧል፤ አቅም አለኝ፣ ተደግፌ ኮሪደሩን እሄዳለሁ። ያልጠገበው አፌ ነው። ጥርሴ ሥራ ፈትቶ፣ ምላሴ ሥራ ፈትቶ፣ ቀኑን ሙሉ አገሬን ስበላ እውላለሁ። አንድ ቀን ገና ከምጣድ ያልወረደ የገብስ ቆሎ ነው፣ ሌላ ቀን ማር የገባበት የተልባ ውኃ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ስልጆ ነበር። እናቴ በሁዳዴ የባቄላ ዱቄቱን በሱፍ ውኃ አሽታ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ በእንስራ ከድና ታቆየዋለች። ሲደርስ ክዳኑ ገና ሲነሣ ሽታው ዓይን ያስነባል። እሱን ሳስብ ምራቄ አፌን ሞልቶ በጨርቅ እጠርገው ነበር።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የሐሞት ጠጠር የወጣላቸው የወረኢሉ ሴት ተኝተው ነበር። ገና የወሎ ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ “አብሽሩ፣ ያገሬ ልጆች” አሉን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ ጋር እህትማማች ሆኑ። እሳቸው ሲሰግዱ እናቴ አልጋቸውን ታስተካክላለች፤ እናቴ ዳዊቷን ስታስነብበኝ እሳቸው ድምፃቸውን አጥፍተው ያዳምጣሉ። ልጃቸው በየቀኑ ምሳ በሳህን ታመጣላቸዋለች። እሳቸው ግን ምግቡ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ሳህኑን በሻርፓቸው ጋርደው ነው የሚበሉት። ለኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ቀን “እማማ፣ እባክዎ ወደኔ ዞረው ይብሉ” አልኳቸው።

“ምን ነካሽ ልጄ? ወላሂ እንዴት አድርጎ ይዋጥልኛል?”

“ጀርባዎን ሲያዞሩ ይብስብኛል። ዞረው ይብሉና ምን ምን እንደሚል ይንገሩኝ።”

እናቴን አዩአት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና መጉረስ ጀመሩ። “ምስር ነው” አሉ። “በርበሬው ትንሽ ይነካል። ሽንኩርቱን አላበሰለችውም፣ ጥሬ ጥሬ ይላል።” ልጃቸው “ኧረ እማ፣ በስሏል” አለች። “አልበሰለም” አሉ እሳቸው፣ “እሷ እውነቱን ነው የጠየቀችኝ።” ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

ሴትየዋ ድነው ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱን ምሳቸውን እንዲህ አብረን በላነው። ሲሰናበቱኝ ግንባሬን ስመው “አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ፣ ወረኢሉ መጥተሽ ከኔ ቤት ትበያለሽ” አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው ሌላው ነገር የጀመረው። መጀመሪያ የከንፈሬ ዳርና ዳር ተሰነጠቀ። ቀጥሎ አፌና አፍንጫዬ ዙሪያ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ እየተላጠ ይረግፋል። በጣቶቼ መካከልም ወጣ። እናቴ እንዳየችው “ምች ነው” አለች። የምግቡ ሽታ ነው የመታት፣ አለች። አገራችን እንዲህ ያለ ነገር አፍ ዙሪያ ሲወጣ ሌላ ስም የለውም። ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ዳማከሴ ይዛ መጣችና በእጇ አሽታ ቀባችኝ። ሽታው ያገሬን ጓሮ እንደሚያመጣልኝ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልሸተተኝም። ሽፍታውም አልጠፋም።

ቀጥሎ ጠጉሬ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስታበጥረኝ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው በዛ፤ እንዳላየው እየጠቀለለች ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች። ጥጡን አርሳ ከንፈሬ ላይ ስታደርገውም ውኃው ውኃ አይለኝም ጀመር። ውኃ ምን ጣዕም አለው ይባላል፣ ግን አለው። ያንን ያወቅኩት ሲጠፋ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እኔ እንኳ ያላስተዋልኩት ነበር። የገብስ ቆሎውን አላስበውም። ስልጆውን አላስበውም። መስኮቱን አላየውም። በዚያ መሃል አገር ቤት ኔትወርክ ተቋርጦ ሰነበተ። እናቴ ጠዋትም ከሰዓትም ስልኳን እየነካካች “የኔታ ምን ሆነው ይሆን?” ትላለች። እኔ ግን ምንም አይመስለኝም፤ አባቴ ከጉብታው ላይ መኖር አለመኖራቸው የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖብኛል። ኔትወርኩ ተመልሶ የደወሉ ቀን እናቴ እየሮጠች ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስታደርገው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

“አባትሽ ናቸው እኮ” አለችኝ።

“ሌላ ጊዜ አናግራቸዋለሁ።”

ስልኩን ወሰደችና “ደክሟት ተኝታለች” አለቻቸው። ከዚያ ወጣች። ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የምትከታተለኝ ዶክተር ስትመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ወጣት ሴት ነች፤ ስትናገር አልጋው ጠርዝ ላይ የምትቀመጥ ዓይነት። እናቴ ስለ ሽፍታው አልነገረቻትም፣ ስለ ጠጉሬም አልነገረቻትም።

“ዶክተር፣ ልጄ መናፈቅ ተወች” አለቻት።

ዶክተሯ ቆም ብላ አየቻት። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አፌን አየች፣ ጣቶቼን ለያይታ አየች፣ ጠጉሬን ሳብ ስታደርገው እጇ ላይ ቀረ።

“ስኳርና ጨው የምትለዪበት ምላስሽ እንዴት ነው?”

“ሁሉም አንድ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

አላስታወስኩም። እናቴ መለሰችልኝ።

“እማማ፣ ይኼ ምች አይደለም” አለች ዶክተሯ። “ማዕድን ነው ያነሳት። በምግብ ውስጥ እጅግ ጥቂት ሆነው የሚገኙ ነገሮች አሉ፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሊኒየም የሚባሉ። እኛ ስንበላ ሳናውቀው እናገኛቸዋለን። እሷ ግን የምትበላው እኛ በከረጢት ያደረግንላትን ብቻ ነው። ያላደረግንላትን ከየትም አታገኘውም። በዚያ ላይ ሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ዚንኩ በየቀኑ ይፈስሳል።”

“ዚንክ?” አለች እናቴ። “ጤና ጣቢያ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጡት ኪኒን አይደለም?”

“እሱው ነው።”

“ታዲያ እሱማ እኛ ቀበሌም አለ።”

“በአፏ ብንሰጣት አንጀቷ አይዘውም፣ ይወርዳል። በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ ብልቃጥ አለ፤ ሁሉንም ባንድ ላይ የያዘ። አሁን እጃችን ላይ የለም። እናፈላልገዋለን።”

እናቴ “መዳብስ? መዳብ ሰው ውስጥ ምን ይሠራል?” አለች።

“ደም ለመሥራት ይረዳል።”

“እኔ መዳብ የማውቀው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ነው።”

ዶክተሯ ፈገግ አለች። “ሰው ውስጥ ያለው ተሰብስቦ ቢመዘን ከአንድ ጠብታ አይበልጥም፣ እማማ። ግን ከሌለ አይሆንም።”

እኔ ያንን እየሰማሁ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ትዝ አለኝ። የምግብ ዓይነቶችን በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ማዕድናት ሁልጊዜ ከታች ይቀራሉ፤ እነሱ ጋ ስደርስ ደወል ይደወላል። ዛሬ ያንን አስታውሼ ፈገግ እላለሁ። ያን ቀን ግን ፈገግታም አልመጣልኝም፤ የሌላ ሰው በሽታ የሚነገር ይመስል ጣሪያውን አያለሁ።

ብልቃጡ የሚመጣበት ጊዜ ለኔ አልረዘመም። ለእናቴ ግን ረዘመ። ዶክተሯ የመድኃኒቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ጻፈችላትና፣ ፊደል የማትለየዋ እናቴ ወረቀቱን በመሐረብ ቋጥራ በሆስፒታሉ ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረሰች። ሁሉም ኪኒኑን ያሳዩአታል። “በደም ሥር የሚገባውን ነው” ትላለች፤ “የለም” ይሏታል፤ ምርቃቷን መርቃ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ ያየችውን ከተማ ታወራልኛለች። ፎቁን፣ መንገድ ላይ ሽሮ እየጠጡ የሚሄዱ የመሰሏትን ጭማቂ የያዙ ልጃገረዶችን፣ ያነጋገራትን የቦሩ ሜዳ ሰው። አልሰማትም ነበር። ታውቃለች፤ ግን አላቋረጠችም።

በመጨረሻ ብልቃጡን ያመጣችው ዶክተሯ ናት። አብሯት የተማረ ሰው ውጭ አገር ይሠራል፤ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ በሻንጣው ጥቂት ብልቃጦች ይዞላት መጣ። በወንዶች ክፍል እንደኔው በደም ሥሩ የሚመገብ አንድ ገበሬ ስለነበረ ለሁለት ተካፈልናቸው። ጠዋት ላይ ዶክተሯ ራሷ አንዱን ይዛ ገባችና ለእናቴ አሳየቻት። ትንሽ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጠርሙስ ነች። ውስጡ ያለው ውኃ ይመስላል።

“በቃ ይቺ ናት?” አለች እናቴ።

“ይቺ ናት።”

እናቴ ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ ወደ ብርሃኑ አደረገችው። ዚንኩን መፈለጓ ይመስለኛል። ምንም እንዳላየች ስታውቅ አማተበችና መለሰችላት። በመርፌ ስበው ጥርት ባለው ከረጢት ውስጥ ሲጨምሩት ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። በዚያ ቀንም፣ በሚቀጥለውም ቀን የሆነ ነገር የለም።

ከዚያ ቀስ እያለ ሽፍታው መድረቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ጥጡን አርሳ ከንፈሬ ላይ አደረገችው። ውኃው አገር ቤት ካለችው ደብር በቢጫ ጀሪካን የመጣ ጸበል ነው፤ ከመጣን ጀምሮ የሚያርሰኝ እሱ ነው። ምላሴን አወጣሁና ላስኩት።

“እማዬ፣ ጀሪካን ጀሪካን ይላል” አልኳት።

“ምን አልሽ?”

“ውኃው። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ነው እንዴ?”

እናቴ ጀሪካኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። “አጥቤዋለሁ እኮ” አለች፤ “በአሸዋም በሳሙናም አጥቤዋለሁ።” ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥጡን በእጇ እንደያዘች አለቀሰች። ጸበል ነቀፍሽ ብላ የተቆጣችኝ መሰለኝ።

በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከክፍሉ ጥግ ያለች በሽተኛ ክዳን ከፈተች። ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር ነው። ሽታው ሲደርሰኝ ቤታችን፣ የእንስራው ክዳን፣ የአባቴ ተማሪዎች ከአጥሩ ማዶ በአንድ ድምፅ የሚሉት ዜማ፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣ። እንዲህ ያለ ናፍቆት ከዚያ በፊት ይዞኝ አያውቅም። ያማል። ቢሆንም እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁ።

አባቴ ሲደውሉ ስልኩን ከእናቴ እጅ ቀድሜ ወሰድኩ።

“አባዬ፣ ስልጆ አለ?”

ከጉብታው ንፋሱ ብቻ ይሰማኛል።

“አባዬ?”

“አለ” አሉ ቆይተው። “ጎረቤት አምጥተውልኝ ነበር። እንደ እናትሽ አይሆንም፤ ግን አለ።”

“ሰናፍጩ ይነካል?”

“ይነካል ልጄ። ይነካል።”

የቀረው ረጅም ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ቤት የሚወስድ ነበር። ብልቃጡ እያለቀ፣ ሌላ እየተፈለገ፣ አንዳንዴም እየተጠበቀ ፋሲካ አለፈ። ክረምት ሲገባ የቀረውን አንጀቴን ከትልቁ ጋር መልሰው ገጠሙልኝ። መብላትን እንደ ሕፃን በማንኪያ ተማርኩ። መጀመሪያ ጨው ያለበት የሩዝ ውኃ፣ ከዚያ አጥሚት፣ ከዚያ ድንች። ከረጢቶቹ በየቀኑ መሰቀላቸው ቀርቶ አልፎ አልፎ ሆነ፤ በኋላም ቀረ። ጠጉሬ እንደ አዲስ የተወለደ ልጅ ጠጉር ለስልሶ በቀለ። የአንገቴን ቱቦ ያወጡ ቀን ዶክተሯ ቦታውን በጥጥ ተጭና ይዛ “አሁን ምግብሽን ከአፍሽ ፈልጊ” አለችኝ። በሕይወቴ ሙሉ የምውጣቸውን ኪኒኖች ሰጠችኝ፤ ዚንኩም ከነሱ አንዱ ነው።

ጥቅምት ላይ አገራችን ገባን። አባቴ መካነ ሰላም መናኸሪያ ድረስ መጥተው ነበር፤ ጥምጥማቸውን አዲስ አድርገዋል። መስቀል አሳልመውኝ ፊቴን አገላብጠው አዩ፤ ያን ያህል አላወሩም። ቤት ስንደርስ እሸት ባቄላ ቀቅለው ኖሯል። ልጣጩ ለሆዴ እንደማይስማማ እናቴ በስልክ ነግራቸዋለች። ጉልበታቸው ላይ ሳህን አስቀምጠው፣ ያን ሁሉ ዜማ በቃል የሚያወርዱ ሰው፣ ባቄላውን አንድ በአንድ እየላጡ ያጎርሱኝ ጀመር።

“ምን ይላል?” አሉኝ።

“ጣፋጭ ነው።”

“በቃ ይኼ ብቻ?”

“ሳር ሳር ይላል። ጨው ያንሰዋል።”

“ጨው አላደረግሁበትም፤ እንዳይጎዳሽ ብዬ።” ሳቁ፤ እናቴም ከጓዳ ሆና ሳቀች።

ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስዘዋወር ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ አይጠፋም። ለቁጥጥር አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እናቴ በአጭር ሕመም ዐረፈች። ሐኪም ቤት ለመድረስም ጊዜ አልሰጠችንም።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ዕድሜ ልኳን ጎረቤታችን የነበሩ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። እናቴ ስትሄድ ስትመለስ ምሥጢሯን የምትነግራቸው እሳቸው ናቸው።

“እናትሽ ስለዚያ ሆስፒታል ስታወራ አትጠግብም ነበር፣ ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

“መከራዋን ነው?”

“ኧረ መከራውን አይደለም። በገበያው መንገድ ላይ ስንሄድ፣ አረም ስናርም፣ ሁሌ የምታነሳው እሱን ነው። ‘ልጄን ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ለከተማ ሰጥቻት ነበር፣ እዚያ መለሱልኝ’ ትላለች። ‘ያን ሁሉ ወር ከኔ ሌላ የሚያበጥራት አልነበረም’ ትላለች። አንድ ቀንማ ‘ይቅር ይበለኝና ያ ጊዜ ይናፍቀኛል’ ብላኝ፣ በራሷ ደንግጣ አማተበች።”

እኔ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ አገሬን ስናፍቅ፣ እሷም ቤቷን፣ ከብቶቿን፣ የኔታን ስትናፍቅ የምትውል ይመስለኝ ነበር። ትናፍቅም ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበረባት፤ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

አሁን ለምርመራ አዲስ አበባ ስሄድ ከዶክተሯ ጋር ቶሎ ነው የምንጨርሰው። ደሜን ታየዋለች፣ ዚንክሽ ደህና ነው ትለኛለች፣ ለበሽተኞች የሚሰጡት ብልቃጥ ዛሬ ዛሬ ከድሮው ይሻላል፣ አይጠፋም ትለኛለች። ከዚያ ስወጣ ወደ ሴቶች ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ላይ እናቶች ተቀምጠው አያለሁ። ሁለቱ ሲያወሩ፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ። የምሳፈርበት መኪና የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጊዜ አለኝ። ከነሱ ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ። “ማንን ልትጠይቂ ነው?” ሲሉኝ “እናቴን” እላቸዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ተነሥቼ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ።